ሰረቀ፣ ቀማ፣ ወረሰ

ኤልዛቤት ቤክፎርድ ዕድሜያቸው ወደ 70 የተጠጋ አሮጊት ነበሩ። የተከሰሱት አይብ ሰርቀው ነው፤ 12 ፓውንድ፣ በእኛ ሚዛን አምስት ኪሎ ተኩል የማይሞላ አይብ። ጆን ሃድሰን የጭስ ማውጫ ጠራጊ ልጅ ነው፤ ሰው ቤት ገብቶ ልብስና ሽጉጥ ሰርቋል ተብሎ ችሎት ፊት ሲቆም ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ቶማስ ቻዲክ የሚባል ጥቁር ሰው ከሰው ጓሮ አሥራ ሁለት የኪያር ተክል ነቀለ። ዊሊያም ፍራንሲስ ደግሞ መጽሐፍ ሰረቀ፤ ያውም ቶቤጎ ስለምትባለው የካሪቢያን ደሴት ብልጽግና የሚያወራ መጽሐፍ። የአራቱም መጨረሻ አንድ ነው፦ በመርከብ ተጭኖ ወደ አውስትራሊያ።

ከእነዚህ ሰዎች ጋር ያስተዋወቀኝ የሮበርት ሂዩዝ «ዘ ፌታል ሾር» ነው። በ1986 የወጣ ዳጎስ ያለ የታሪክ መጽሐፍ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተናገርኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንዲህ ያለ ዝርዝር ሲነበብልን የሁላችንም ስሜት ያው ነው። «ለአይብ?» እንላለን። «ለኪያር?» ወዲያው ከሌባው ጎን እንቆማለን፤ ዳኛውን እንጠላለን። ስሜቱ ልክ ነው፤ ማንም እንዲተወው አልመክርም። እኔን የሚያሳስበኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ሥነ ጽሑፍ ከሌባው ጋር መርከብ ላይ ካሳፈረን በኋላ የት ነው የሚያወርደን? ስንወርድስ እዚያ ማንን እናገኛለን?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ሦስት ልብ ወለዶችን ጎን ለጎን አንብቤያለሁ፦ የቻርልስ ዲከንስን «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ»፣ የፒተር ኬሪን «ጃክ ማግስ»፣ የኬት ግሬንቪልን «ዘ ሲክረት ሪቨር»። ሦስቱም ማዕከላቸው በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ሌባ ተብሎ ወደ አውስትራሊያ የተጋዘ ወንድ ነው። ሦስቱም እንድንወደው ይፈልጋሉ፤ ይሳካላቸዋልም። የሚለያዩት እኛ ከወደድነው በኋላ በሚያደርጉት ነገር ነው።

መጻሕፍቱን ሳነብ ሦስት የአማርኛ ግሶች ከአእምሮዬ አልጠፉም። ተደብቆ የሰው ንብረት የወሰደውን «ሰረቀ» እንለዋለን። በጉልበት የወሰደውን «ቀማ» እንለዋለን። ሦስተኛው ግን ጉደኛ ነው፤ «ወረሰ»። ልጅ የአባቱን ቤት ይወርሳል። መንግሥትም ያንኑ ቤት ይወርሳል። በእኛ አቆጣጠር በ1967 በወጣው አዋጅ ትርፍ ቤቱ የተወረሰበት ሰው፣ የተወሰደበት ልጆቹ ሊወርሱት የነበረው ቤት ነው። አንዱ ቃል ምርቃትም ነው፣ መነጠቅም ነው። የግዞተኛው ልብ ወለድ ታሪክ እንዳለ በእነዚህ በሦስቱ ግሶች መካከል የሚካሄድ ሽኩቻ ሆኖ ይታየኛል።

አርባ ሽልንግ

መጀመሪያ ሕጉን እንየው፤ ያለ እሱ ልብ ወለዶቹ አይገቡም።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የእንግሊዝ ሕግ ከ200 በላይ ወንጀሎችን በሞት ይቀጣ ነበር። አብዛኞቹ የንብረት ጉዳዮች ናቸው። ከሱቅ በስውር አምስት ሽልንግ የሚያወጣ ዕቃ፣ ከመኖሪያ ቤት ደግሞ አርባ ሽልንግ የሚያወጣ ዕቃ መስረቅ በወረቀት ላይ ስቅላት ነው። ስለዚህ በችሎቱ «ሰርቋል ወይ?» ከሚለው እኩል «ስንት ያወጣል?» የሚለው ጥያቄ የሰው ነፍስ ይወስን ነበር። ልባቸው የራራ የጁሪ አባላት እውነቱን እያወቁት ዋጋውን ዝቅ ያደርጉታል። ስልሳ ሽልንግ የሚያወጣውን ዕቃ 39 ሽልንግ ነው ብለው ይወስናሉ። በአንዲት ሽልንግ ሰውየው ከገመድ ይተርፋል። ከገመድ የተረፈው ግን ቤቱ አይገባም፤ ይጋዛል።

«ግዞት» ስንል በእኛ ታሪክ ትዝ የሚሉን መኳንንትና ልዑላን ናቸው። ተቀናቃኝ ነው ተብሎ የተፈራ ሰው ነው የሚጋዘው። የእንግሊዙ ግዞት የሚፈራ ሰው አልፈለገም፤ የሚበዛ ሰው ነው የፈለገው። ከ1718 ጀምሮ ወደ አሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ወደ 50,000 የሚጠጋ ሰው ተልኳል። የአሜሪካ አብዮት ያንን በር ሲዘጋው እስረኞች ከ1776 ጀምሮ በቴምዝ ወንዝ ላይ በቆሙ ያረጁ መርከቦች ውስጥ ይታጎሩ ጀመር። መርከቦቹ ሲጠቡ አዲስ ቦታ ተፈለገ። ሜይ 13 ቀን 1787 አሥራ አንድ መርከቦች ከ700 በላይ እስረኞችን ይዘው ከፖርትስማውዝ ወደብ ተነሡ። ጃንዋሪ 26 ቀን 1788 ሲድኒ ኮቭ ላይ ባንዲራ ተከሉ። እስከ 1868 ድረስ 162,000 ያህል ሰው በዚያ መንገድ ሄደ፤ ከእነሱ 25,000 ያህሉ ሴቶች ነበሩ። ፍርዱ ብዙውን ጊዜ ሰባት ዓመት፣ አሥራ አራት ዓመት ወይም ዕድሜ ልክ ነው።

ጉዞው ራሱ ለብዙዎች የሞት ፍርድ ሆነ። በ1790 የደረሰው ሁለተኛው የመርከብ ጓድ ከጫናቸው እስረኞች ከሩብ በላይ የሚሆኑት በመንገድ አልቀዋል። ሥራውን በኮንትራት የወሰደው ድርጅት በባሪያ ንግድ የለመደ ነበር፤ የሚከፈለውም በጫነው ሰው ቁጥር እንጂ በሕይወት ባደረሰው አልነበረም። ለእሱ በመንገድ የሞተ እስረኛ ማለት የተረፈ ስንቅ ነው።

ታዲያ ሁሉም የአይብና የኪያር ሌቦች ነበሩ? እዚህ ላይ የታሪክ ሰዎች ለአሥርተ ዓመታት ተጨቃጭቀዋል። በ1950ዎቹ ማኒንግ ክላርክ ግዞተኞቹ በአብዛኛው ሌብነትን ሙያ ያደረጉ ናቸው ብሎ ጻፈ። በ1988 «ኮንቪክት ወርከርስ» በሚል ርዕስ የወጣው የጥናት ስብስብ ደግሞ ተራ ሠራተኞች ነበሩ፣ ሙያ ነበራቸው ሲል ተከራከረ። ሂዩዝም ሁሉንም ንጹሕ ምስኪን ለማድረግ አይሞክርም። ለአንባቢ የሚጠቅመው ይኸው ነው። የተራቡ ልጆችን ሊያበላ ዳቦ የሰረቀ ሰው ለልብ ይመቻል፤ የቪክቶር ሁጎ ዣን ቫልዣን በአማርኛም ሳይቀር ያስለቀሰን ለዚህ ነው። ግን ያለማልቀስ መብትም አለን። ሦስት ጊዜ የተከሰሰ ኪስ አውላቂም ቢሆን በመሐረብ የተነሳ ዓለምን ተሻግሮ መጣል የለበትም። ፍትሕ ለመጠየቅ ሌባው መልአክ መሆን የለበትም።

ይህን ለማየት ልብ ወለድ እንኳ አያስፈልግም። የለንደኑ የኦልድ ቤይሊ ችሎት መዝገብ፣ ከ1674 እስከ 1913 ያለው፣ ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ፤ ወደ 200,000 የሚጠጉ ክሶች። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲላችሁ ገብታችሁ እዩት። ከሳሹ ይናገራል፣ ምስክሩ ይናገራል፣ ዕቃው አንድ በአንድ ከነዋጋው ይቆጠራል። ተከሳሹ ብዙ ጊዜ የሚናገረው አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚያ ፍርዱ። የተሰረቀው ካልሲ ከሰረቀው ሰው የበለጠ ተገልጿል። ልብ ወለድ የመጣው ያንን የጎደለ ንግግር ሊሞላ ነው፤ ሥራው ከዚህ ይጀምራል።

የማግዊች ገንዘብ

«ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» ከዲሴምበር 1860 እስከ ኦገስት 1861 ድረስ በሳምንታዊ መጽሔት ተከታትሎ ወጣ። ርዕሱ ላይ ያለው ቃል በዘመኑ እንግሊዝኛ ከተራ ተስፋ የጠበበ ትርጉም ነበረው፤ አንድ ሰው ይወርሰዋል ተብሎ የሚጠበቀውን ሀብት ይመለከታል። እንግዲህ መጽሐፉ ገና ከሽፋኑ ስለ መውረስ ነው።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ፦ ፒፕ የሚባል ወላጅ አልባ ልጅ ከእስር መርከብ ላመለጠ ሰው ምግብና ሞረድ ሰርቆ ያመጣለታል። ዓመታት አልፈው ማንነቱ የማይታወቅ በጎ አድራጊ ፒፕን በገንዘብ ያንበሸብሸዋል፤ ጨዋ የለንደን ሰው ያደርገዋል። ፒፕ ገንዘቡ ከአንዲት ባለጸጋ እመቤት የመጣ ይመስለዋል። አንድ ዝናባም ሌሊት ግን በሩን የሚያንኳኳው ያ እስረኛ ነው፤ ኤብል ማግዊች። ዕድሜ ልክ ወደ አውስትራሊያ ተግዞ፣ እዚያ በግ አርብቶ፣ ከብት አራብቶ፣ የሀብቱን ፍሬ ሁሉ ለልጁ ሲልክ ኖሯል። የተመለሰው በሞት የሚያስቀጣውን ሕግ ጥሶ፣ «የእኔን ጨዋ ሰው» በዓይኑ ለማየት ብቻ ነው። ፒፕ ምን ተሰማው? ተጸየፈው።

ዲከንስ እዚህ ላይ ጨካኝ ነው፤ ጭካኔው ደግሞ ትክክል ነው። የማግዊችን የሕይወት ታሪክ ከራሱ አንደበት የምንሰማው በአንዲት ምዕራፍ ብቻ ነው። ሰውየው ራሱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ የሚያስታውሰው ከማሳ ሥራ ሥር እየሰረቀ ሲበላ ነው። በኋላ ኮምፔይሰን ከሚባል አታላይ ጋር በአንድ ወንጀል አብረው ይከሰሳሉ። ኮምፔይሰን ጸጉሩን አበጥሮ፣ ጥቁር ልብስ ለብሶ፣ ነጭ መሐረብ ይዞ ይቀርባል። ማግዊች እንደ ማግዊች ይቀርባል። ሰባት ዓመት ለባለ መሐረቡ፣ አሥራ አራት ለማግዊች። ሕግ በልብስ እንደሚያይ ለማሳየት ከዚህ በላይ መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልግም።

ግን ልብ በሉ። መጽሐፉ ውስጥ አንድም ትዕይንት አውስትራሊያ ላይ አይካሄድም። ገንዘቡ ከዚያ ይመጣል፤ አገሩ ግን አይታይም። ኤድዋርድ ሰኢድ በ1993 ባሳተመው «ካልቸር ኤንድ ኢምፔሪያሊዝም» ላይ የማግዊችን ጉዳይ አንሥቶ፣ ግዞተኛው እዚያ ማዶ መበልጸግ ቢፈቀድለትም ወደ እንግሊዝ መመለስ እንደተከለከለ አሳይቷል። እኔ በዚያ ላይ አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፦ በጎቹ የሚግጡት የማን መሬት ላይ ነበር? ፒፕ የገንዘቡ ምንጭ ወንጀለኛ መሆኑ ያሳፍረዋል። የወንጀለኛው ገንዘብ ምንጭ ምን እንደሆነ ግን አይጠይቅም። ዲከንስም አይጠይቅም። በመጽሐፉ ዓለም ስርቆት የሚባለው የማግዊች ሥራ ሥር እንጂ የማግዊች ግጦሽ አይደለም።

መጨረሻው ላይ ማግዊች ይያዛል፣ ሞት ይፈረድበታል፣ ከመሰቀሉ በፊት ቆስሎ ይሞታል። ሀብቱን መንግሥት ይወርሰዋል። ፒፕ ሊወርስ የነበረውን ዘውዱ ወረሰ፤ የእኛ ግስ እዚህ ቦታ ላይ ሁለቱንም ትርጉሙን በአንድ ጊዜ ይሠራል። ፒፕ ይህን ለሚሞተው ሰው አይነግረውም። ማግዊች ልጁ ሀብታም ሆኖ እንደሚቀር አምኖ ዓይኑን ይከድናል። በእኔ ንባብ የመጽሐፉ ታላቅ ጊዜ ይህ ዝምታ ነው። ፒፕ ያፈረበትን ሰው ወዶታል፤ ፍቅሩም የመጣው ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ከመጽሐፉ ውጭ። ዲከንስ ሁለት ወንዶች ልጆቹን ወደ አውስትራሊያ ልኳል፤ እንደ ነጻ ሰው፣ ዕድላቸውን እንዲሞክሩ። ሁለተኛው የተሳፈረው በ1868 ነው፤ የመጨረሻው የእስረኞች መርከብ ምዕራብ አውስትራሊያ በደረሰበት ዓመት። የማግዊች ምድር በአንድ ትውልድ ውስጥ ከቅጣት ቦታነት የጨዋ ልጅ መላኪያ ሆነ።

ታሪኩን ማን ሰረቀ?

አውስትራሊያዊው ፒተር ኬሪ በ1997 «ጃክ ማግስ»ን ሲያሳትም ያደረገው ነገር ቀላል ይመስላል። ማግዊችን ወሰደና መሃል ላይ አስቀመጠው። ጃክ ማግስ በ1837 በድብቅ ለንደን ይደርሳል፤ ሄንሪ ፊፕስ የሚባለውን፣ ገንዘብ እየላከ ያሳደገውን ወጣት ፍለጋ። ፊፕስ ግን ከቤቱ ጠፍቷል። ማግስ ጎረቤት ቤት አሽከር ሆኖ ይቀጠራል፤ እዚያ ቶባያስ ኦትስ ከሚባል ስሙ እየገነነ ካለ ወጣት ደራሲ ጋር ይገናኛል። ኦትስ ዲከንስን ይመስላል፤ ኬሪም ይህንን አይደብቅም።

ኦትስ ሰውን በማደንዘዝ ጥበብ፣ በዘመኑ ሜስመሪዝም በሚባለው፣ የማግስን ምስጢር ከውስጡ ያወጣል። ሕመምህን ላድንህ ነው ይለዋል። በጎን ግን ማስታወሻ ይይዛል፤ ስለ ማግስ ልብ ወለድ ሊጽፍ አቅዷል፤ ርዕሱም የማግስን ሞት የሚያውጅ ነው። ማግስ ይህን ሲደርስበት የሚቆጣው ቁጣ የመጽሐፉ እምብርት ነው። ሕፃን ሆኖ በጭስ ማውጫ እየወረደ የሰው ብር ዕቃ እንዲሰርቅ የሰለጠነ ሰው፣ ለዚያም ጀርባው እስኪተለተል የተገረፈ ሰው፣ አሁን የተሰረቀው እሱ ነው። የተወሰደበትም ሕይወቱ ነው። የዚህ ዓይነቱ ሌባ ደግሞ አይከሰስም፤ ይሸለማል።

ማግስ ራሱም ይጽፋል። ለፊፕስ የሚጽፈው ረጅም ደብዳቤ በማይታይ ቀለም፣ ፊደሉን እንደ መስታወት ገልብጦ ነው። ይህ ምስል ከሁሉ በላይ አብሮኝ ቀርቷል። ግዞተኛው የሚናገረው ብዙ አለው፤ ጽሑፉ ግን አንባቢው ልዩ ድካም ካላደረገ አይነበብም። የኦልድ ቤይሊን መዝገብ ያነበበ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል።

ሦስቱን ከመውደድ አንጻር ካስቀመጥኳቸው «ጃክ ማግስ» ቀዳሚው ነው። ፈጣን ነው፣ ያስቃል፣ ያስፈራል፣ ዓረፍተ ነገሮቹ ጡንቻ አላቸው። ቅሬታዬ መጨረሻው ላይ ነው። ማግስ በስተመጨረሻ ፊፕስ ለፍቅሩ እንደማይገባ ያያል፤ አውስትራሊያ የተዋቸውን የአብራኩን ልጆች ያስታውሳል፤ ከመርሲ ጋር ወደዚያ ይመለሳል፣ ይከብራል፣ ትልቅ ቤተሰብ ይመሠርታል። ማግዊችን ከሞት ማዳኑ ደስ ይላል። ግን ያንን ቤተሰብ የተሸከመው መሬት የአቦርጂናል ሕዝብ መሬት ነው፤ መጽሐፉ ውስጥ ደግሞ እነዚህ ሰዎች የሉም ማለት ይቻላል። ኬሪ የእንግሊዝን ደራሲ ስለ ሰረቀው ታሪክ ፍርድ ቤት አቁሞታል። ግዞተኛውን ግን በነጻ አሰናብቶታል። በእስረኛው ስቃይ የተከፈለ ዋጋ የርስት ደብተር ሆኖ ይወጣል፦ ተገርፌያለሁና አገሩ የእኔ ነው።

የዳሩግ ሥር፣ የቶርንሂል በቆሎ

የኬት ግሬንቪል «ዘ ሲክረት ሪቨር» በ2005 ሲወጣ ይህንን ደብተር ነው የቀደደው። ዊሊያም ቶርንሂል በቴምዝ ወንዝ ላይ ጀልባ የሚቀዝፍ ድሃ ነው። በ1806 ውድ እንጨት ሲሰርቅ ይያዛል፤ ሞት ይፈረድበታል፤ ሚስቱ ሳል ደጅ ጠንታ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ ግዞት ይቀየርለታል። ሲድኒ ሲደርሱ ሳል ነጻ ሰው ናት፤ እሱ እስረኛ። ስለዚህ መንግሥት እስረኛውን ለሚስቱ አገልጋይ አድርጎ ይሰጣታል! ይህ የልብ ወለድ ፈጠራ ብቻ አይምሰላችሁ፤ እስረኛን ለነጻ ሰፋሪ በአገልጋይነት መመደብ የቅኝ ግዛቱ መደበኛ አሠራር ነበር።

የመጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል ከሞላ ጎደል ለንደን ነው፦ ብርድ፣ ረሃብ፣ ስርቆት፣ ችሎት። ግሬንቪል አትቸኩልም። ቶርንሂልን በደንብ እንድናውቀው፣ ባለ መሬት የመሆን ጥማቱ የእኛም ጥማት እንዲሆን ታደርጋለች። ከዚያ ሆክስበሪ ወንዝ ላይ ወርዶ ባዶ የመሰለውን መቶ ኤከር ሲያይ፣ «ይህ የእኔ ነው» ሲል፣ እኛም አብረነው እንላለን። ወጥመዱ እዚህ ነው።

ቶርንሂል በቆሎ ሊዘራ ሲቆፍር ዴዚ የሚመስሉ ተክሎችን ነቅሎ ይጥላል። ለእሱ አረም ናቸው። ለዳሩግ ሰዎች ሥራቸው የሚበላ ምግብ ነው፤ እየቆፈሩ፣ እየመለሱ እየተከሉ የኖሩበት ማሳ ነው። በቆሎው ሲደርስ መጥተው ይወስዳሉ። ያን ጊዜ ቶርንሂል ምን ይላቸዋል? ሌቦች! በለንደን ሲጠራበት የኖረውን ስም ከራሱ አውልቆ ለእነሱ አለበሳቸው። ከሦስቱ መጻሕፍት ውስጥ ይህን ያህል ነገር በጥቂት ገጽ የሚያሳይ ሌላ ቦታ አላገኘሁም። «ሰረቀ» የሚለው ግስ ባለቤት ሲቀይር በዓይናችን እናያለን። ኪያር የነቀለው ቶማስ ቻዲክ የተጋዘው ተክሉ የሰው ስለሆነ ነው። የዳሩግን ተክል የነቀለ ሰው መቶ ኤከር አገኘ።

ከዚያ በኋላ ታሪኩ ወደሚያስፈራው ቦታ ይሄዳል። ቶርንሂል ጨካኝ አይደለም፤ ክፉ ጎረቤቶቹን ይጠላቸዋል። ግን መሬቱን መተው አይችልም፤ ሳል ወደ ለንደን እንሂድ እያለች ነው። አንድ ሌሊት ከእነዚያ ጎረቤቶች ጋር በጀልባው ይሄዳል፤ ጭፍጨፋ ይካሄዳል። በማግስቱ መሬቱ ጸጥ ይላል። ዓመታት ያልፋሉ፤ ቶርንሂል ባለጸጋ ይሆናል፤ ትልቅ የድንጋይ ቤት ይሠራል። ቤቱ የተሠራው ዳሩጎች ዓለት ላይ በቀረጹት የዓሣ ምስል ላይ ነው። ምስሉ ወለሉ ሥር ይቀራል። ሰረቀ የተባለው ሰው ቀማ፤ ልጆቹ ደግሞ ይወርሳሉ። አንዱ ልጁ ዲክ ብቻ ቤቱን ጥሎ ይወጣል።

መጽሐፉ የወጣበትን ጊዜ ማወቅ ይረዳል። የአውስትራሊያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንግሊዞች ሲደርሱ ምድሪቱ የማንም አልነበረችም የሚለውን የሕግ ልማድ የሻረው በ1992 በማቦ ጉዳይ ነው። ቀደም ሲል በቤተሰብ ውስጥ እስረኛ አያት መኖሩ እንደ ነውር ይደበቅ ነበር፤ በኋላ ነውሩ ኩራት ሆነ። ግሬንቪልም የጻፈችው የራሷን የግዞተኛ ቅድመ አያት ታሪክ ስትፈልግ ነው። የታሪክ ጸሐፊዋ ኢንጋ ክሌንዲነን በ2006 ባወጣችው ድርሰት፣ በምናብ ወደ ጥንት ሰው ልብ መግባት ይቻላል የሚለውን እምነት ጠንከር አድርጋ ተችታለች። ክርክሩ ብዙ ቀለም አፍስሷል። እኔ ለልብ ወለዱ የማደላው በአንድ ምክንያት ነው፦ ግሬንቪል ያሳየችን ጥንትን ሳይሆን ርኅራኄያችን እንዴት እንደሚሠራ ነው። ጭፍጨፋው ሲደርስ ቶርንሂልን መጥላት ያቅተናል፤ ለንደን ላይ አብረነው ተርበናልና። ያ ማቃት ነው ትምህርቱ።

ግን እዚህም ቅሬታ አለኝ። ግሬንቪል በዳሩግ ሰዎች አእምሮ ውስጥ አትገባም፤ ከውጭ ነው የምናያቸው። ይህን እንደ ጨዋነት ልናየው እንችላለን፤ የሌላውን ታሪክ ላለመስረቅ ጥንቃቄ ነው። ውጤቱ ግን ሐዘኑም የቶርንሂል ብቻ መሆኑ ነው። የመጨረሻው ምስል አርጅቶ በረንዳው ላይ ተቀምጦ በመነጽር ገደሉን የሚያየው ሰው ነው፤ የጠፋውን ሰው ይፈልጋል። ያማረ መጨረሻ ነው። ማማሩ ነው የሚያሳስበኝ። አንባቢ ከቶርንሂል ጋር ትንሽ አዝኖ መጽሐፉን ዘግቶ መተኛት ይችላል። ሐዘኑም እንደ ቤቱ በእርሱ ስም ተመዝግቧል።

ለዚህ መድኃኒቱ ከመጽሐፉ ራሱ ይገኛል። ከጭፍጨፋው የተረፈ ሎንግ ጃክ ብለው የሚጠሩት ሰው አለ። ቶርንሂል በጸጸት ምግብና ልብስ ይሰጠዋል፤ እንዲያርስለትም ይሞክራል። ሰውየው እምቢ ይላል። መሬቱን በእጁ መትቶ ቦታው የእርሱ መሆኑን ይናገራል፤ በቃ። በሦስቱ ልብ ወለዶች ውስጥ «የተወሰደብኝን አውቃለሁ» የሚል አንድ ያገሩ ተወላጅ ቢኖር እሱ ነው፤ የተሰጠውም ጥቂት መስመር ነው። ኦልድ ቤይሊ ለተከሳሽ ከሚሰጠው ብዙም አይበልጥ።

እንዴት እናንብባቸው?

ይህን ሁሉ ያልኩት ለኤልዛቤት ቤክፎርድ ያዘናችሁትን ሐዘን መልሱ ለማለት አይደለም። አምስት ኪሎ አይብ ለአንዲት አሮጊት ባሕር ማዶ መጣል በምንም ሒሳብ ፍርድ አይባልም። ግን የተበደለ ሰው በሚቀጥለው ገጽ በዳይ ሊሆን ይችላል፤ በደሉም የመጀመሪያውን በደል አይሰርዘውም፣ የመጀመሪያውም ሁለተኛውን ይቅር አያሰኝም። በማኅበራዊ ሚዲያ ዘመን ያደግን አንባቢዎች ይህን መሸከም ይከብደናል። ተበዳይ መርጠን ከጎኑ ቆመን እንጨርሳለን። ጥሩ ልብ ወለድ ከመረጥን በኋላም ቁጭ አድርጎ ቀሪውን ያስነብበናል።

የንባብ ተራ ጠይቃችሁኝ ቢሆን እንዲህ እላለሁ። በዲከንስ ጀምሩ፤ ማግዊችን ሳታውቁ ማግስ አይገባችሁም። ኬሪን አስከትሉ፤ ታሪክ መጻፍ ራሱ ስርቆት ሊሆን እንደሚችል ይነግራችኋል። ግሬንቪልን ቀጥሉ፤ ሌባ የሚለው ስም ከማን ወደ ማን እንደሚሸጋገር ታያላችሁ። እዚያ ላይ ግን አትቁሙ። የኑንጋር ተወላጁ ኪም ስኮት በ2010 ያሳተመው «ዛት ዴድማን ዳንስ» አለ። ታሪኩ ስለ ግዞተኛ አይደለም፤ እንግሊዞች ምዕራብ አውስትራሊያ ሲሰፍሩ፣ ከባሕሩ ዳር ሆኖ መርከቧ ስትመጣ ያያት ሕዝብ ታሪክ ነው። በዚያ መጽሐፍ አእምሮው የሚከፈትልን የአገሩ ልጅ ነው፤ ይጨፍራል፣ ይቀልዳል፣ ይጽፋል፣ ያኮርፋል። እንግዶቹን እንደ ወዳጅ ተቀብሎ ያለውን ያካፈለ ሰው፣ ቆይቶ የእነሱን ሲያነሣ ምን ተብሎ እንደሚጠራ መገመት አይከብዳችሁም።

ስለ ቶቤጎ ብልጽግና የሚያወራውን መጽሐፍ የሰረቀው ዊሊያም ፍራንሲስ ከሁሉም ይልቅ ይገርመኛል። የዚያች ደሴት ብልጽግና የመጣው ከሸንኮራ አገዳ ነው፤ አገዳውን ያለሙት ደግሞ ከአፍሪካ ተሰርቀው የተወሰዱ ባሪያዎች ናቸው። ሕጉ ግን በዚያ መጽሐፍ ዙሪያ ያየው አንድ ስርቆት ብቻ ነው።